ስለ ሞተር ዘይት ግፊት ጠቋሚና በቤት ስለ መለወጡ

በአውቶሞቢል መሪ ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ከሚታዩት ትንንሽ መብራቶች መካከል አፈ ሹል የዘይት ዕቃ ምስል ያለባት አንዲት ቀይ መብራት ትገኛለች። ቁልፉ ሲዞር ትበራለች፤ ሞተሩ ሲነሣ ትጠፋለች። አብዛኛው ባለመኪና ከዚህ አልፎ ስለ እርሷ የሚያስብበት ምክንያት የለውም። ይሁን እንጂ ይህች መብራት ሞተሩ እየሠራ ሳለ ብትበራ፥ ባለመኪናው በዚያች ደቂቃ የሚቆርጠው ውሳኔ ሞተሩን ወይ ያድነዋል ወይ ይገድለዋል። የዚህ ንግግር ዓላማ መብራቷን የሚያበራውን ትንሽ ዕቃ፥ ማለትም የዘይት ግፊት ጠቋሚውን፥ በቤት እንዴት መለወጥ እንደሚቻል ማስረዳት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሚለወጠው እርሱ መሆን አለመሆኑ በምን እንደሚታወቅ መግለጽ የተገባ ይሆናል።

በመንግሥት ሥራ ለሚተዳደር ሰው ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ. ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል። በ2016 ዓ. ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። ከዚህም የተነሣ ዛሬ በእጃችን ያለችው አሮጌ መኪና ነገ በቀላሉ የምትተካ አይደለችም። በብዙ ዓመት ቁጠባ የተገኘች መኪና ሞተሯ ቢነክስ፥ ለማደሻ የሚወጣው ገንዘብ የብዙ ወር ደመወዝ የሚበላ ነው። ጠቋሚው ግን ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። እንግዲህ ርካሹን ዕቃ በመለወጥ ውዱን ለማዳን የሚፈልግ ሰው የሁለቱን ዝምድና አጥርቶ ማወቅ ይገባዋል።

የዘይት ግፊት ማለት ምን ማለት ነው?

ሞተር ማለት ብረት በብረት ውስጥ በታላቅ ፍጥነት የሚሽከረከርበት መሣሪያ ነው። ክራንክ ሻፍት የሚባለው ዋናው ዘንግ፥ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ በ1 ደቂቃ 700 ወይም 800 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በጎዳና ላይ ደግሞ 2000ና 3000 ዙር ይደርሳል። ይህ ዘንግ የሚያርፈው ብሮንዝ በሚባሉት ለስላሳ ማረፊያዎች ላይ ሲሆን፥ በዘንጉና በማረፊያው መካከል ያለው ክፍተት የ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህች ቀጭን ክፍተት ውስጥ ዘይት በግፊት እየገባ ዘንጉን ተሸክሞ ያንሳፍፈዋል። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር ሲሠራ ብረቱ ብረቱን አይነካውም ለማለት ይቻላል። ዘይቱ በቀረ ጊዜ ግን ሁለቱ ይፋጫሉ፤ ከመፋጨት ሙቀት ይወለዳል፤ ከሙቀትም ማረፊያው ይቀልጣል፤ በመጨረሻም ሞተሩ ይነክሳል። ይህ ሁሉ እንዲፈጸም ሰዓታት አያስፈልጉም፤ ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ።

ዘይቱ የሚጓዝበት መንገድ እንደሚከተለው ነው። ከሞተሩ በታች ኮፓ በሚባለው ገንዳ ውስጥ የተጠራቀመውን ዘይት ፓምፑ በወንፊት በኩል ይስበዋል። ከዚያም በፊልትሮው ውስጥ አሳልፎ በሞተሩ አካል ውስጥ በተቦረቦሩት ቀጫጭን መንገዶች ወደ ማረፊያዎቹና ወደ ላይኛው የቫልቮች ክፍል ይገፋዋል። ዘይቱ ሥራውን ፈጽሞ ተመልሶ ወደ ኮፓው ይንጠባጠባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል እንጂ ግፊትን ለብቻው አይፈጥርም። ግፊት የሚወለደው ዘይቱ በጠባብ ክፍተት ለማለፍ ሲታገል ነው። ስለዚህ ማረፊያዎቹ ተበልተው ክፍተቱ ቢሰፋ፥ ዘይቱ አርጅቶ ወይም ነዳጅ ገብቶበት ቢቀጥን፥ ወንፊቱ በዝቃጭ ቢደፈን፥ ወይም ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ቢስብ ግፊቱ ይወድቃል። የግፊት መውደቅ አንድ በሽታ ሳይሆን የብዙ በሽታዎች ምልክት ነው ማለት ይቻላል።

ጠቋሚው እንዴት ይሠራል?

የዘይት ግፊት ጠቋሚው፥ ዛሬ በየጋራዡ ሴንሰር የሚባለው፥ በሞተሩ አካል ላይ ከዘይቱ መንገድ ጋር በተገናኘ ቀዳዳ ውስጥ እንደ ቡሎን የሚታሰር ትንሽ ዕቃ ነው። በብዙ መኪናዎች ላይ የሚገኘው በፊልትሮው አቅራቢያ ነው። በውስጡ አንድ ስስ ሽፋን፥ አንድ ሞላ፥ አንድም የኤሌክትሪክ መገናኛ አለው። ግፊት በሌለ ጊዜ ሞላው መገናኛውን ያገጥመዋል፤ ኤሌክትሪኩም በሞተሩ ብረት በኩል ዙሩን ይፈጽማል፤ መብራቷም ትበራለች። ግፊቱ ሲነሣ ዘይቱ ሽፋኑን ይገፋል፤ መገናኛው ይለያያል፤ መብራቷም ትጠፋለች። ከዚህ አንድ ሽቦ ብቻ ካለው ቀላል ዓይነት ሌላ፥ የግፊቱን ልክ በመርፌ የሚያሳይ ዓይነት አለ። በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ደግሞ 3 ሽቦ ያለውና መልእክቱን ለኮምፒዩተር የሚያስተላልፍ ዓይነት ይገኛል። በዚህ ንግግር በዝርዝር የምንመለከተው በአሮጌ መኪናዎች ላይ የሚበዛውን ባለ 1 ሽቦውን ነው።

ባለ 1 ሽቦው ጠቋሚ መብራቷን የሚያበራው ግፊቱ በጣም ሲወድቅ፥ በብዙ መኪናዎች ከ0.2 እስከ 0.5 ባር አካባቢ ሲደርስ ብቻ ነው። ይህም ማለት መብራቷ የቅድሚያ አስታዋሽ አይደለችም። «ዘይት ሊያልቅ ነው» ብላ አትናገርም፤ የምትናገረው «ግፊቱ አለቀ» ብላ ነው። ስለዚህ መብራቷ ጠፍታ መታየቷ ዘይቱ በቂ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ መብራቷ በርታ መታየቷ ግን ለነገ የማይባል ትእዛዝ ነው።

ጠቋሚው ራሱም ዕቃ ነውና ያረጃል። ሽፋኑ ሲሰነጠቅ ዘይት በሽቦው መሰኪያ በኩል ይወጣል። መገናኛው ሲበላ ወይም ሲጣበቅ መብራቷ ያለ ጊዜዋ ትበራለች፥ ወይም ጭራሹን መብራት ታቆማለች። በዚህ ጊዜ ጠቋሚውን መለወጥ ትክክለኛ መድኃኒት ነው። ችግሩ ያለው እውነተኛውን ጩኸት እንደ ሐሰተኛ በመቁጠር ላይ ነው።

ወደ ጓሳ የሚወጣው ጎዳና

ይህን ነገር በግልጽ ለማየት ወደ ጓሳ የሚወስደውን መንገድ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን የደረሰ መንገደኛ፥ በጣርማ በር አካባቢ ከዋናው የደሴ ጎዳና ተገንጥሎ ወደ መንዝ ያመራል። የጓሳ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ የተዘረጋ፥ ጅብራ የቆመበት፥ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፥ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት ደጋ ነው። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት፥ ጠመዝማዛም የበዛበት ነው። በሜዳው ላይ ጋራዥ የለም፤ ባለሙያ ለማግኘት ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን መድረስ ያሻል።

እንግዲህ በኮፓዋ ውስጥ ያለው ዘይት ከመለኪያው ዝቅተኛ ምልክት በታች የወረደ መኪና በዚህ ጎዳና ላይ ብትጓዝ የሚሆነው ይህ ነው። በደልዳላ መንገድ ላይ ሳለች ወንፊቱ በዘይት ተሸፍኖ ስለሚኖር መብራቷ አትበራም። መኪናዋ ዳገት ስትወጣ ዘይቱ ወደ ኮፓው ኋላ ይሸሻል፤ ቁልቁለት ስትወርድ ወደ ፊት፥ ጠመዝማዛ ስትዞርም ወደ ጎን ይሸሻል። በዚያን ጊዜ ወንፊቱ በዘይት ፈንታ አየር ይስባል፤ ቀይዋ መብራት ብልጭ ትላለች፤ ደልዳላ ቦታ ሲደረስ ደግሞ ትጠፋለች። ነጂውም «ሽቦው ላልቶ ነው፤ ከተማ ስንገባ ሴንሰሩን እንለውጣለን» ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። በእያንዳንዱ ብልጭታ ግን ማረፊያዎቹ ለጥቂት ጊዜ ያለ ዘይት ተሽከርክረዋል።

ይህ ነጂ የሰጠው ምክንያት ከኤሌክትሪኩ አሠራር ጋር የማይስማማ መሆኑን አሁን ለመረዳት አያዳግተንም። ባለ 1 ሽቦ ጠቋሚ ባለበት መኪና ሽቦው ቢላላ ወይም ቢበጠስ መብራቷ አትበራም እንጂ አትበራ የነበረችው አትበራም፤ ዙሩ ተቋርጧልና። መብራቷን ያለ ምክንያት የሚያበራት ልብሱ ተልጦ ብረት የሚነካ ሽቦ ነው። ይህንንም ቢሆን ከዘይት ጉድለት ለመለየት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የተላጠ ሽቦ በብዛት የሚያብለጨልጨው መንገዱ ሲያንገጫግጭ ነው፤ የጎደለ ዘይት ግን የሚያብለጨልጨው መንገዱ ሲያዘነብል ነው። ስለዚህ መብራቷ ብልጭ ያለችበትን ቦታ ማስታወስ ለመካኒኩ ከብዙ ቃል ይልቅ ይጠቅመዋል።

የደጋው ብርድም የራሱ ጠባይ አለው። ዘይት ሲበርድ ይወፍራል፤ ወፍራም ዘይት በጠባብ ክፍተት ለማለፍ ስለሚታገል ግፊቱ ከፍ ይላል። በዚህ ምክንያት ማረፊያዎቹ የተበሉበት ሞተር በውርጭ ጧት ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ድካሙ የሚገለጠው ሞተሩ ከጋለ በኋላ፥ በተለይም መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ነው። እንግዲህ ምርመራ ሁሉ መፈጸም ያለበት ሞተሩ በሥራ ሙቀቱ ላይ ሳለ ነው።

ከመለወጥ በፊት መመርመር

አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ይስማማል። ጠቋሚውን ከመፍታትዎ በፊት አራት ነገሮችን በተራ ይመርምሩ።

አንደኛ፥ መኪናውን በደልዳላ ስፍራ ያቁሙ፤ ሞተሩን አጥፍተው 10 ደቂቃ ያህል ይታገሡ። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ያውጡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው መልሰው እስከ ታች ይስደዱት፤ እንደገናም አውጥተው ይመልከቱ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። በብዙ ትንንሽ መኪናዎች ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ምልክት ያለው ልዩነት 1 ሊትር ያህል ነው። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ቢሸት፥ ወይም ወተት እንደ ተቀላቀለበት ቡና ቢነጣ፥ ነዳጅ ወይም የራዲያተር ውሃ ገብቶበታልና ጉዳዩ ከጠቋሚ በላይ ነው።

ሁለተኛ፥ ጠቋሚው ያለበትን ቦታ ይመልከቱ። አካሉ በዘይት የራሰ ቢሆን፥ ወይም መሰኪያውን ሲነቅሉ ውስጡ ዘይት ቢገኝበት፥ ሽፋኑ ተሰንጥቋልና መለወጡ የማይቀር ነው።

ሦስተኛ፥ ሽቦውን ይፈትኑ። ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ያዙሩ፤ መብራቷ መብራት አለባት። በርታ ሳለች የጠቋሚውን መሰኪያ ይንቀሉ፤ መብራቷ መጥፋት አለባት። ባትጠፋ ሽቦው በአንድ ስፍራ ብረት ነክቷል፤ ጠቋሚውም ከደሙ ንጹሕ ነው። መጀመሪያውኑ ያልበራች እንደ ሆነ ደግሞ የተነቀለውን ሽቦ ጫፍ ለጥቂት ጊዜ ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኙ። በዚህ ጊዜ ብትበራ የሞተው ጠቋሚው ነው፤ ባትበራ አምፖሉ ወይም ሽቦው ነው። ይህ ፈተና ለባለ 1 ሽቦው ብቻ የተነገረ ነው። ባለ 3 ሽቦውን ከብረት ጋር ማገናኘት ኮምፒዩተሩን ሊጎዳ ስለሚችል በመመርመሪያ መሣሪያ እንጂ በዚህ ዘዴ አይሞከርም።

አራተኛውና ዋነኛው ግፊቱን በማኖሜትር መለካት ነው። ጠቋሚው ሲፈታ ቀዳዳው ባዶ ይሆናል፤ በዚያው ቀዳዳ የመለኪያው ቱቦ ይታሰራል፤ ሞተሩ ተነሥቶ እስኪግል ድረስ ይሠራል፤ ከዚያም መርፌው ይነበባል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች መመሪያ እንደ ተመለከተው፥ ሞተሩ ግሎ በዝግታ ሲዞር ግፊቱ ቢያንስ 0.3 ባር፥ በ3000 ዙር ደግሞ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ2.5 እስከ 6 ባር ባለው መካከል መሆን አለበት። የመኪናዎ መመሪያ መጽሐፍ የሚሰጠው ልክ ከሁሉ ይበልጣል። መርፌው ይህን ልክ ካሳየ ሐሰተኛው ጠቋሚው ነው፤ ያለ ሥጋት ይለውጡት። መርፌው ከወደቀ ግን ጠቋሚው እውነተኛ ምስክር ነበረ፤ እርሱን መለወጥ ሞተሩን አያድነውም። ይህን መሣሪያ እያንዳንዱ ባለመኪና ይግዛ ማለት አይደለም፤ ከጋራዥ መዋስ ወይም መካኒክ እንዲለካ ማስደረግ ይቻላል። አራተኛውን ፈተና ዘሎ አዲስ ጠቋሚ ማሰር ግን በጭፍን መፍረድ ነው።

የአለዋወጡ ሥርዓት

ምርመራው ተፈጽሞ ጠቋሚው ጥፋተኛ ከሆነ፥ ሥራው ለጀማሪም ቢሆን ከ1 ሰዓት የሚያልፍ አይደለም። በአንዳንድ መኪናዎች ግን ጠቋሚው ከሌሎች ዕቃዎች በታች ተሸሽጎ ስለሚገኝ፥ እጅ በቀላሉ የማይደርስበት ከሆነ ለባለሙያ መተው ይሻላል።

አዲሱን ዕቃ ለመግዛት ወደ ሶማሌ ተራ ወይም ወደ ሌላ የመለዋወጫ መደብር ሲሄዱ፥ የመኪናውን ዓይነት፥ የሞተሩን መለያና የተሠራበትን ዓመት ጽፈው ይያዙ። የሚቻል ከሆነም አሮጌውን ፈትተው ይዘው ይሂዱ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው የጥርሱን ውፍረትና ቁመት፥ የመሰኪያውንም ቅርጽ ያስተያዩ። በታወቀ ፋብሪካ ስም ተመስሎ የተሠራ ዕቃ በገበያ ስለማይጠፋ፥ ከታመነ ነጋዴ መግዛት ይበጃል። ያገለገለ ጠቋሚ መግዛት ግን ከቁጠባ የሚቈጠር አይደለም።

መኪናውን በደልዳላ ስፍራ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፤ ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፉ። ሞተሩ እጅ የማያቃጥል እስኪሆን ድረስ ይብረድ። ከበታች መግባት የሚያስፈልግ ከሆነ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ፤ ጽኑ ድጋፍ ሳይደረግለት ሰው የገደለ ክሪክ ብዙ ነው። ቀጥለውም የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ይፍቱ።

በጠቋሚው ዙሪያ ያለውን አፈርና ቅባት በብሩሽና በጨርቅ አጥርተው ይጥረጉ። ይህ ለመልክ ማማር ሳይሆን፥ ቀዳዳው ሲከፈት አሸዋ ወደ ዘይቱ መንገድ እንዳይገባ ነው። መሰኪያውን ሲነቅሉ መያዣውን ተጭነው ራሱን መሰኪያውን ይሳቡ፤ ሽቦውን አይጎትቱ። ከሥር ጣሳና ጨርቅ ያስቀምጡ፤ ጥቂት ዘይት መፍሰሱ አይቀርምና። ከዚያም ልክ የሆነ ረጅም ቡሶላ ቁልፍ ያግቡ። በብዙ የቶዮታ መኪናዎች ልኩ 24 ቁጥር ነው። ከሰዓት ቈጣሪ ዙር በተቃራኒ አዙረው ይፍቱት። በፒንሳ ቆንጥጦ መፍታት አካሉን ስለሚሰብር አይገባም።

የአዲሱን ጥርስ ይመልከቱ። ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ጥርስ ያለው ጠቋሚ ብዙ ጊዜ ማሸጊያው ከፋብሪካ ተቀብቶለት ይመጣል፤ በዚህ ላይ ሌላ መጨመር አያሻም። ያልተቀባ ከሆነ ለዘይት የሚስማማ ማሸጊያ በስሱ ይቀቡት፤ የፊተኛውን ጥርስ ግን ባዶ ይተዉት፤ ማሸጊያው ተቆርሶ ወደ ዘይቱ መንገድ እንዳይገባ ነው። ቴፍሎን ደራርቦ መጠቅለል ሁለት ጉዳት አለው፤ ቁራጩ መንገዱን ሊደፍን ይችላል፤ እንዲሁም ባለ 1 ሽቦው ጠቋሚ ኤሌክትሪኩን የሚመልሰው በጥርሱ በኩል ስለ ሆነ መገናኛውን ሊያቋርጥ ይችላል። ጥርሱ እኩል ሆኖ በቀለበት የሚታሸግ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አዲስ ቀለበት ያድርጉለት።

ጠቋሚውን በመጀመሪያ በእጅ ብቻ ያስገቡት። በእጅ እንቢ ካለ ጥርሱ ተጣሟልና አውጥተው እንደገና ይጀምሩ፤ በቁልፍ ማስገደድ የሞተሩን ጥርስ ያበላሻል። በእጅ ከገባ በኋላ በቁልፍ በልኩ ያጥብቁት። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ልኩ 15 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ይህም አንድ ጎልማሳ በአጭር ቁልፍ ሳይታገል የሚሰጠው ጉልበት ነው። ከዚህ የበለጠ ጉልበት የአሉሚኒየሙን አካል ሊሰነጥቅ ይችላል። በመጨረሻ መሰኪያውን «ቀጭ» እስኪል ድረስ ይግጠሙ፤ የባትሪውንም ገመድ ይመልሱ።

አሁን ፈተናው ይቀራል። የዘይቱን ልክ እንደገና አይተው የጎደለውን ይሙሉ። ቁልፉን ያዙሩ፤ መብራቷ ትብራ። ሞተሩን ያስነሡ፤ በ5 ሰኮንድ ያህል ውስጥ መብራቷ መጥፋት አለባት። ባትጠፋ ሳይዘገዩ ሞተሩን ያጥፉ። ብትጠፋ ሞተሩ እስኪግል ድረስ ይተዉት፤ በጠቋሚው ዙሪያ ዘይት መውጣት አለመውጣቱን በደረቅ ጨርቅ ይፈትሹ። በማግሥቱም የዘይቱን ልክና የቆመበትን መሬት ይመልከቱ።

በጉዞ ላይ ሳሉ መብራቷ ብትበራ

መብራቷ በጎዳና ላይ ብትበራ ለሌላው መንገደኛ አደጋ በማይሆን ቦታ ወዲያው ይቁሙ፤ ሞተሩንም ያጥፉ። «እስከዚያች መንደር ልድረስ» ማለት ሞተሩን ለዚያች መንደር መሸጥ ነው። ዘይቱ ወደ ኮፓው እስኪመለስ ጥቂት ታግሠው መለኪያውን ይመልከቱ። ጎድሎ ከሆነ በመመሪያው የታዘዘውን ዓይነት ዘይት እስከ ልኩ ይጨምሩ፤ ከሥርም የሚፈስ ነገር መኖር አለመኖሩን ያስተውሉ። ከዚህ በኋላ ሞተሩ ሲነሣ መብራቷ ወዲያው ከጠፋችና የሚፈስ ነገር ከሌለ በዝግታ መሄድ ይቻላል። ዘይቱ ሞልቶ ሳለ መብራቷ ካልጠፋች ግን መኪናው መጎተት ወይም መጫን አለበት። እንደ ጓሳ ወዳለ ሩቅ ደጋ የሚሄድ ሰው 1 ጣሳ ዘይት፥ ንጹሕ ጨርቅና የመጎተቻ ገመድ ይዞ ቢነሣ የማይጸጸትበት ሸክም ነው።

በየመንገዱ የሚታይ አንድ መጥፎ ልማድም ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ይኸውም መብራቷ ስታስቸግር መሰኪያውን ነቅሎ መሄድ ነው። ቀደም ብለን እንዳየነው መሰኪያው ሲነቀል መብራቷ ትጠፋለች፤ ሞተሩ ግን አልዳነም። ይህ የጠባቂውን አፍ በጨርቅ አፍኖ «ሌባ የለም» እንደ ማለት ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከዚህ የሚማረው አለ። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲዞር ቀይዋ መብራት የማትበራ ከሆነች፥ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ለምን እንደማትበራ ይጠይቅ።

ከሥራው በኋላ የተጠራቀመው አሮጌ ዘይትና ቅባት የነካው ጨርቅ በሜዳ ላይ የሚጣል አይደለም። በተለይ እንደ ጓሳ ባለ ምንጭ በሚነሣበት ሣራማ ስፍራ የፈሰሰ ዘይት ከአፈሩ ጋር ወደ ውሃው ይገባል። በክዳን ባለው ጀሪካን አኑሮ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ መስጠት የተገባ ነው።

የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር ከ17ኛው ምዕተ ዓመት አንሥቶ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚፈለግ ነውና፥ ጊዜው ሳይደርስ ማንም እንዳያጭደው ለዓመታት ይከለከል ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ. ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ምክንያት ከፈረሰ በኋላም ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሞታል። ጓሳ ጓሳ ሆኖ የቆየው ጠባቂ ስለ ነበረው ብቻ አይደለም፤ ጠባቂው ሲጮኽ የሚሰማ ሕዝብም ስለ ነበረው ነው። በመኪናችንም ውስጥ ያለው ትንሽ ጠባቂ ቢታመም ልንለውጠው እንችላለን፤ ዛሬ የአለዋወጡን ሥርዓት አይተናል። ሲጮኽ ግን መጀመሪያ ይሰማ፤ ከዚያ ይመርመር፤ በመጨረሻ ይለወጥ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው በዘይት ጉዳይ ትርጉሙ ይኸው ነው።